ለይቶ የሚገድለው ዱቄት

ጎንደር ወዳለው የልጅ ልጄ ቤት ከመጣሁ ሳምንት ሆነኝ። ግቢው ውስጥ ሣር ተክሏል፤ ማንም የማይበላው፣ በየጊዜው እየታጨደ የሚጣል፣ ለዓይን ብቻ የተተከለ ሣር። ባለፈው ቅዳሜ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ወጣና ሣሩን ጥግ ሳያስቀር ረጨው። "ሣሩንም ታቃጥለዋለህ እኮ" ስለው ሳቀብኝ።

"አይ አባባ፣ ይኼ መድኃኒት ለይቶ ነው የሚገድለው። ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፣ ሣሩን አይነካም።"

እንዲህ ያለኝ ሊያረጋጋኝ ነው። እኔ ግን እግሬን ከሣሩ ላይ አነሣሁ። ያንን ቃል በወጣትነቴ መተማ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ማንንም አላረጋጋም ነበር።

ዘመኑ የጣሊያን ነበር። እኔ የጭልጋ ልጅ ነኝ፤ ወደ ቆላ የወረድሁት ሥራ ፍለጋ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን፣ ከአንድ ከተቀዳደደ ዳዊት ላይ ነው። ጣሊያንኛም ቢሆን ከሳጥንና ከቆርቆሮ ጽሑፍ እየለቀምሁ፣ ወታደሮቹ ሲነጋገሩ እያዳመጥሁ ትንሽ ትንሽ ያዝሁ። ብዙ አልናገርም ነበር። ያልገባኝን ነገር በግምት ከምናገር ዝም ብል ይሻለኛል። ዝምተኛ ሰው በዚያ ዘመን እንደሚጠረጠር ግን ገና አላወቅሁም።

የመተማው ሹም አንድ ካፒቴን ነበር። ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከበረንዳው ሲታይ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ በሱዳኗ ገላባት ላይ የእንግሊዞቹ ባንዲራ ይውለበለባል። ያንን ባንዲራ ማየት ስለ ሰለቸው ይመስለኛል፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አረንጓዴ ነገር ፈለገ። በቆላ ደግሞ በበጋ አረንጓዴ የለም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ማሽላው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፤ ነፋሱም ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። እኔ ከገንዳ ውኃ ወንዝ ዳር የሰርዶ ሐረግ እየነቀልሁ አምጥቼ ከቤቱ ፊት ተከልሁ። ከቁልቁለቱ ሥር ካለው የሰፈሩ ጉድጓድ ውኃ በአህያ እያስቀዳሁ ጧት ማታ አጠጣሁት። ያዘልኝ። ዙሪያውን ኖራ በተቀባ ድንጋይ አጠርሁት።

ውኃ ካለ ግን ያልተጠራም ይመጣል። ርጅላ በቀለ። ርጅላ ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ወፈር ብሎ ውኃ የቋጠረ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ተክል ነው፤ ስሙን የወሰድነው ከሱዳኖች ነው። በሽንኩርትና በምስር ሲሠራ ኮምጠጥ ይላል፣ ከማሽላ እንጀራ ጋር ይስማማል። ለካፒቴኑ አረም ነው። ለሰፈሩ ሴቶች ግን በዚያ ደረቅ ወራት ሌላ ቦታ የማይገኝ የጾም ወጥ ነበር። ጧት ጧት እየመጡ ይለቅሙታል፤ እኔም ከመንቀል እገላገላለሁ። ከሚለቅሙት አንዷ እቴነሽ ነበረች።

እቴነሽ ከጉድጓዱ አጠገብ የሚኖሩት የአያ ታከለ ልጅ ናት። አያ ታከለ ከወገራ ወርደው መሬት ያቀኑ ገበሬ ነበሩ። ሽማግሌ ልኬባቸው "ከፋሲካ በኋላ ይሁን" ብለውኝ ነበር። በዚያ አገር አባትም እናትም አልነበረኝም። መተማን አገሬ የምታደርግልኝ ያቺ "ከፋሲካ በኋላ" የምትል ቃል ብቻ ነበረች።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከጎንደር በመጣ የጭነት መኪና ለካፒቴኑ አንድ የእንጨት ሳጥን ወረደ። ውስጡ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ዱቄት ነበር። ካፒቴኑ ግማሹን በጣሊያንኛ፣ ግማሹን በእጁ አስረዳኝ። በውኃ ተበጥብጦ ጧት ይረጫል። ከዚያ ለጥቂት ቀን ሣሩ ውኃ አይጠጣም። ቅጠለ ሰፊው ይሞታል፣ ሣሩ ይቀራል።

"ሰውስ?" አልሁት።

"ሰው ምንም አይሆንም።"

"ከብትስ?"

ሳቀ። ለምን እንደ ሳቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለሴቶቹ "ለጊዜው አትልቀሙ፣ መድኃኒት አለበት" አልኋቸው። "የምን መድኃኒት?" ብላ አንዷ ጠየቀችኝ። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ከማንኛውም መልስ የከፋ ሆነ።

በማግስቱ ርጅላው ጠወለገ፤ ቀጥሎም እሳት እንደ ለበለበው ጠቆረ። ሰርዶው መጀመሪያ ጨለም አለ፤ ከዚያ ግን ከበፊቱ የበለጠ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ከእግር ሥር፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ቦታ፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ሲለመልም ማየት ደስ አይልም። ከሁሉ የባሱት ድንጋዮቹ ናቸው። የተረጨው ውኃ የነካቸው ነጫጭ ድንጋዮች ዝገት የመሰለ ቀይ ነጠብጣብ አወጡ። ሴቶቹ በአጥሩ አሻግረው አይተው "ድንጋዩ ደማ" እያሉ ሄዱ።

ሰው ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበረው። ወደ ሰሜን ዘምተው የተመለሱ ሰዎች ከአውሮፕላን ስለ ወረደ፣ ቆዳ ስለሚልጥ ዝናብ ያወሩ ነበር። አንዱን ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ክንዱ እንደ ተላጠ እንጨት ነው። በዚያው ሰሞን ከጉድጓዱ የጠጣች አንዲት ፍየል ሞተች። በበጋ ፍየል በየዓመቱ ይሞታል። የዚያን ዓመቷ ፍየል ግን ገዳይ ተገኘላት።

አያ ታከለ ዘንጋቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። ሣሩን ዞረው አዩት።

"ይኼን ማን ተከለው?"

"እኔ ነኝ አያ።"

"ማን አስተከለህ?"

"ካፒቴኑ።"

"ርጅላውንስ ማን ተከለው?"

"ማንም። ራሱ ነው የበቀለ።"

የጠቆረውን ቅጠል በዘንጋቸው ገፋ አደረጉት። "እንግዲህ እግዜር ያበቀለውን ገድሎ ጣሊያን ያስተከለውን ተወ። ዓይን አለው ማለት ነው።"

"ዓይን የለውም አያ። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ..."

"አንተ ምኑን ታውቃለህ? ዛሬ ቅጠል ለየ። ነገ ሰው ቢለይስ? ለጣሊያን ያደረውንና ያላደረውን?"

ዘንጋቸውን ወደ ቁልቁለቱ ቀሰሩ።

"ጎርፉ ወደየት ነው የሚወርደው?"

ወደ ጉድጓዱ ነበር። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

"እንግዲያው ያመጣው ሰው ይቅመሰዋ!" አሉ።

በእኛ ዘንድ ጠላም ሆነ ጠጅ ሲቀርብ አሳላፊው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። የቀመሰ ሰው መርዝ እንደሌለበት በነፍሱ ማለ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አናውቅም ነበር። እኔም ወጉን ለካፒቴኑ እንደ ምንም አስረዳሁት። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ጣቱን በምራቁ አርሶ ዱቄቱን ነካ አደረገና ላሰው። ፊቱን አጨማዶ ተፋ። "ፌሮ" አለ፤ ብረት ማለቱ ነው። አያ ታከለና ሌሎችም በአጥሩ አሻግረው ያዩ ስለነበር፣ ተገላገልሁ ብዬ ተነፈስሁ።

አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጌታውንማ መቼ ይነካል? ሣሩን ነካው?"

ለይቶ በሚገድል መርዝ ላይ የባለቤቱ ቅምሻ ምንም አያረጋግጥም ማለታቸው ነው። እዚያው ጨረሱት፤ "ሠርጉ ይቆይ" አሉኝ።

"እስከ መቼ አያ?"

"እስክናውቅህ።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ከአያ ታከለ ደጅ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥሬ ሄድሁ። ከፊታቸው ዘረጋሁት። "እኔ ለማንም ያደርሁ ሰው አይደለሁም። የሚለይ ከሆነ ይለየኝ" አልሁ። እስከዚያ ዕድሜዬ በሰው ፊት ይኼን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጨመርሁና ዋጥሁት። ጣዕሙ የዛገ ሚስማር ነው፤ ከንፈር ሲደማ ምላስ ላይ የሚቀረው ዓይነት። ጉሮሮዬን ከረከረው፣ ሆዴ ትንሽ ተላወሰ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ተቀምጠን ጠበቅን። ነገሩ እንዳይደባለቅ ብለው ውኃ እንኳ አልሰጡኝም። የዛፉ ጥላ ከእግሬ ላይ ተነሥቶ ሄደ፤ ፀሐዩ ጉልበቴን ያዘኝ።

"አሁንስ?" ይለኛል አንዱ።

"ደኅና ነኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ደኅና ነኝ።"

ሲደጋገም "ደኅና ነኝ" ማለቴ ጥፋት ማመን እየመሰለ መጣ። ከሰዓት በኋላ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ፈቀቅ አለ። ከኋላ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ "አልነካውም። አወቀው" አለ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ብሞት ኖሮ ንጹሕ ሰው ነበርሁ። ስላልሞትሁ ሰርዶው ሆንሁ።

አያ ታከለ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ ብትሞት እኔ ራሴ ቀብሬህ፣ ልጄንም ማቅ አስለብሳት ነበር። አሁን ምን ልበል? በሰላም ሂድ።"

ተነሣሁ። ጨርቁን ለመቋጠር ጎንበስ ስል አንዲት እጅ ቀደመችኝ። እቴነሽ ናት፤ የማሽላ ሊጥ ከጣቶቿ ላይ አልደረቀም። ማንም አልጠራትም። በዚያው በሊጥ እጇ ዱቄቱን ነካ አድርጋ ላሰችው።

"አንቺ!" የአያ ታከለ ዘንግ ከእጃቸው ወደቀ። "ትፊ! ትፊው እንጂ!"

ዋጠችው። ፊቷን አጨማዳ "ሚስማር ሚስማር ይላል" አለች።

"ወተት! ወተት አምጡ!"

"ኧረ ጾም ነው" አሉ እናቷ ከጓዳ።

"ወተት ብያለሁ!"

ወተቱ መጣ። እቴነሽ ቅሉን በእጇ ጀርባ ገፋ አድርጋ ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። "እንጠብቃ አባባ። እሱን ስንጠብቅ አልዋልንም?"

እንደገና ጠበቅን። አሁን ግን "አሁንስ?" የሚል ሰው አልነበረም። አያ ታከለ ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ አልነቀሉም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልዩ ነበር መሰለኝ። እንድትተርፍ ይለምናሉ። ብትተርፍ ደግሞ ስለ እኔ ያሉትን ሁሉ ስለ ልጃቸው ማለት ሊኖርባቸው ነው። ፀሐዩ ወደ ገላባት ሲያዘቀዝቅ እቴነሽ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

"ይኸው ደኅና ነኝ። እኔስ ለጣሊያን ያደርሁት መቼ ነው አባባ?"

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሌላውም ተከተለ። አያ ታከለ አልሳቁም። ዘንጋቸውን ከመሬት አነሡ። "ከፋሲካ በኋላ ተብሏል፤ ከፋሲካ በኋላ ነው" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ተጋባን። ሰውም ቀስ በቀስ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ኋላ ጦርነቱ መተማ ድረስ ሲመጣ ያ ሣር ለምሽግ ተቆፈረ፣ ካፒቴኑም ከሄደበት አልተመለሰም። አያ ታከለ ግን አንድ ነገር እስከ መጨረሻው አልተዉም። ቤታችን መጥተው ጠላ ሳቀርብላቸው በመዳፌ ጠብ አድርጌ እስክቀምስ እጄን ይመለከታሉ። ወግ ስለሆነ ቅር ልሰኝ አልችልም። ከቀመስሁ በኋላ ግን ዋንጫውን ሳያነሡ ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ "እቴነሽ፣ እስኪ አንቺም ቅመሺ" ይላሉ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እቴነሽ የመጨረሻ ልጃችንን ስታረግዝ ሐኪም ቤት "ደምሽ አንሷል" ብለው ክኒን ሰጧት። አንዱን ሰብሬ ላስሁት፤ ያው የዛገ ሚስማር ነው። ሐኪሙን ብጠይቀው የብረት ጨው መሆኑን፣ ለደም እንደሚጠቅም፣ ሲበዛ ግን ሰውን እንደሚጎዳ ነገረኝ። በጣም ላረጁት ለአያ ታከለ ሮጬ ሄጄ ነገርኋቸው፤ የመጨረሻዋን ግን አላነሣሁም። "ይኸው አያ፣ ያ ዱቄት ዛሬ ለእርጉዝ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኗል።"

"ክኒኑንስ የሰጣት ማን ነው?" አሉኝ።

ያኔ ስቄባቸዋለሁ። አሁን እሳቸው የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሼ አልስቅም። ስለ ዱቄቱ ተሳስተው ነበር፣ ስለ እኔም ተሳስተው ነበር። ነገር ግን ሁላችንም ዱቄቱ ምን እንደሆነ ስንጨነቅ፣ የቱ እንደሚሞትና የቱ እንደሚቀር የወሰነው ማን እንደሆነ የጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ያንን ጥያቄ ማንም አልመለሰላቸውም።

ዛሬ ጧት ወደ ግቢው ወጣሁ። ሣሩ እንዳለ ነው። በመካከሉ አንድ ቅጠለ ሰፊ ተክል አንገቱን ጠምዝዞ ደርቋል። የልጅ ልጄን ጠርቼ ምን እንደሚባል ጠየቅሁት።

"አረም ነዋ አባባ።"

"አረም መሆኑንማ አየሁ። ስሙን ነው።"

አያውቀውም። እኔም ጎንበስ ብዬ ብዙ አየሁት፤ አላወቅሁትም። እቴነሽ ብትኖር አንድ ጊዜ አይታ ስሙንም፣ በምን እንደሚሠራም ትነግረኝ ነበር።