ገባ፣ ወጣ፣ ምክንያት

ተማሪዎቹ «አባ መዝገብ» ይሏቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቱን በር ሲጠብቁ፣ ስሙ ሳይጻፍ ያለፈ ፍጡር የለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገባቸው በቀይ መስመር የተከፈለ ነው፦ ማን፣ ገባ፣ ወጣ፣ ምክንያት፣ ፊርማ። አንድ ቀን ድመት በበሩ ሥር ሾልካ ብትገባ «ድመት፤ ገባች 4፡10፤ ምክንያት ያልታወቀ» ብለው መዘገቡ። ፊርማውስ ሲባሉ «መጻፍ ስለማትችል በምስክር አልፋለች» አሉ። ሚስታቸው ደግሞ «ወንድሜ ሊጠይቀኝ ቢመጣ ‹ምክንያት?› ብሎት ሰውየው ሳይቀመጥ ተመለሰ» ትላለች።

ርዕሰ መምህሩም ከመዝገቡ አላመለጠም። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን ለመደው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን በግራ ጆሮው እንደያዘ፣ በቀኝ እጁ እስኪብርቶ ይቀበላል፣ ሳያይ ይፈርማል፣ ያልፋል። እጁ መንገድ እንደለመደች በቅሎ ሆኖ ነበር።

የአባ መዝገብ ጉልበት መታመም ሲጀምር ርዕሰ መምህሩ «ከፀሐይና ከብርድ ላውጣዎት» ብሎ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ወዳለች ጠባብ ክፍል አዛወራቸው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ለየተማሪው ላፕቶፕ አድሏል። ክፍሏ ውስጥ ያለው ሰፊ ስክሪን እንደ ርግብ ቤት በትንንሽ ካሬ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ካሜራ የሚያየውን ያሳያል።

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ላፕቶፑ ክፍት እንዲሆን ታዟል» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ማጥናታቸውን ይመልከቱ። አንዱን ሲጫኑት ይሰፋል።»

«ወላጆቹ ያውቃሉ?»

«ፈርመዋል እኮ! አሥራ አራት ገጽ ውል ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሰፍሯል።»

«አንብበው ነው የፈረሙት?»

«ታዲያ ሰው አንብቦ ይፈርማል እንዴ?»

አባ መዝገብ የመጀመሪያውን ካሬ ሲጫኑ የሰው ቤት ፊታቸው ተዘረገፈ። ደንግጠው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» አሉ። የሚመልስ የለም። ከተማሪው ጀርባ አባትየው፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሸሚዝ ሊተኩስ መጥቶ ቆመ። እያፏጨ ነበር። አባ መዝገብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ላይ ቆሙ እንጂ የሰው ጓዳ ገብተው አያውቁም። እንዲሁ ሹልክ ብሎ መውጣት ደግሞ የሌባ ሥራ መሰላቸው። መዝገባቸውን አወጡ፦ «እኔ፤ የትራፊክ ፖሊሱ ቤት፤ ገባሁ 9፡20፤ ወጣሁ 9፡21፤ ምክንያት፦ ታዝዤ።» ያዩትን አልጻፉም። ዘበኛ የገባውን ይጽፋል እንጂ የሰው ገመና አይጽፍም።

ከዚያ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ወደ ክፍሏ ብቅ ማለት አበዛ። የሚጫነው ግን አንድ ካሬ ብቻ ነበር፤ የወላጅ ኮሚቴውን ሊቀመንበር፣ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ቤት። እሱና ሊቀመንበሩ አይጥና ድመት ነበሩ። የሊቀመንበሩ ልጅ አጥንታ ከተነሣች በኋላ እንኳ የስክሪኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ ባዶውን ወንበር እያየ፣ ከጀርባ ስለ እሱ የሚባለውን ያዳምጣል።

«ምክንያት ምን ልበል?» ይሉታል አባ መዝገብ፣ እስኪብርቶውን እያቀበሉ።

«ክትትል ይበሉ» ይላል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። እጁ ይፈርማል። በአንድ ወር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።

ነገሩ የፈነዳው በድንች ነው። አንድ ሐሙስ አሥር ሰዓት ግድም የልብስ ሰፊዋ ልጅ መጽሐፏ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። ከጀርባዋ የተጣደው የድንች ድስት መጀመሪያ ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ከዚያ ጨሰ። «ኧረ እናንተ ቤቶች!» ብለው አባ መዝገብ ስክሪኑን በጥፊ መቱት። ምንም። የወላጆችን ስልክ ከዝርዝሩ ፈልገው ደወሉ።

«ሄሎ፣ እህቴ! ድንቹ አረረ! ሮጠሽ አውርጂው!»

«ማነው?»

«ድንቹን አድኚ፤ ማንነቱን ኋላ እንጨዋወታለን!»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ሮጣ ገባች፤ ድስቱን አወረደች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ልጇን በኩርኩም ቀሰቀሰች። ከዚያ ቆማ አሰበች። በሩን አየች። ጣሪያውን አየች። አልጋ ሥር አየች። በመጨረሻ ቀስ ብላ ወደ ላፕቶፑ ዞረች፤ ፊቷን አስጠግታ አፈጠጠች። አባ መዝገብ የጉልበታቸውን ሕመም ረስተው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። መዝገቡ «ወጣሁ 10፡14» ይላል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ድንቼን ከየት አዩት?»

«ሸተተኝ።»

«ከሦስት ሠፈር ማዶ?»

«ነፋስ ነበረ።»

«አይ ነፋስ! ስልኬንም ነፋሱ ነው የሰጠዎት? ድምፅዎን አጣዋለሁ? ዘጠኝ ዓመት ‹ምክንያት?› ሲሉኝ የኖሩ ሰው!»

አባ መዝገብ በዚያ ዕድሜ ውሸት መጀመሩ ከበዳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ነገሯት። እሷ ክው አለች።

«ልብስ ስቀይርም?»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«እርስዎ ይጨፍኑ። ሌላውስ?»



ወሬው እስከ ማታ ሠፈሩን አዳረሰ፤ ለቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ አባ መዝገብን ለብቻ አስጠርቶ «ያን መዝገብ ያቃጥሉት» አላቸው። «ለጡረታዎ የቀረው ስምንት ወር ነው። በሰላም ይውጡ።» ቤታቸው ወስደው ምድጃው ፊት ተቀመጡ። ሚስታቸው መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ይቃጠል እያልኩ ስመኝ ኖሬያለሁ» አለች። «ዛሬ ግን ብትነካው እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። «ወላጆች፣ ማንም ሰው ቤታችሁን አላየም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የሚያየው ማሽን ነው። አንዴ በድንገት ድንች ታየ፤ እሱም በመልካም ተጠናቀቀ። ይኸው፣ ዘበኛችን ይመስክሩ!»

አባ መዝገብ ተነሡ። መዝገቡ ብብታቸው ሥር ነበር። ስምንቱ ወር ትዝ አላቸው፤ የልብስ ሰፊዋም ዓይን። መነጽራቸውን አደረጉ።

«በራሴ ልጀምር። ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ቤታችሁ ገብቻለሁ። አንድም ጊዜ አላንኳኳሁም። ይቅር በሉኝ።» ገጹን ገለጡ። «ርዕሰ መምህር፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቤት፤ ገባ 10፡30፤ ወጣ 11፡15፤ ምክንያት፦ ክትትል። ርዕሰ መምህር፤ እዚያው ቤት፤ ገባ…»

«ውሸት ነው!»

«ፊርማው የእርስዎ ነው። አሥራ ዘጠኙም።»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ተቀብሎ አገላበጠ። «እንግዲያው ‹ይህ ሰው እንኳን ትምህርት ቤት የዶሮ ቤት አይመራም› ያልኩትን ሰምተሃል ማለት ነው?»

«ሦስት ጊዜ!» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ቁጣው ከሐሳቡ ቀድሞበት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ካሜራው እንዲጠፋ፣ ክፍሏ እንድትቆለፍ፣ ውሉም ሰው በሚያነበው አንድ ገጽ እንዲጻፍ ተወሰነ። ልብስ ሰፊዋ ግን ውሳኔ አላመነችም፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለየካሜራው ቁልፍ ያላት ትንሽ ሽፋን ሰፋች። ሰዉ ሲወጣ ትራፊክ ፖሊሱ አባ መዝገብን ጠጋ አላቸው።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ… እኔ ቤት ሲገቡ… ምን ላይ ነበርኩ?»

«መዝገቡ ላይ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና እያፏጨ ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ እሱም በተራው ለአባ መዝገብ የቅጣት ደብዳቤ ጻፈ፦ ከክትትል ሥራ ተነሥተው ወደ በር ተመልሰዋል። አባ መዝገብ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፈገግታቸውን በባርኔጣቸው ጋርደው ፈረሙ።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ደረሰ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፤ ገጹን ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ከኋላው የተማሪ ሰልፍ ረዘመ።

«ምክንያት ምን ልበል?» አሉ አባ መዝገብ።

ትንሽ አሰበ። «ሥራ» አለ ቀስ ብሎ። ጽፈው እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ ጎንበስ ብሎ ቃሏን አረጋገጠና ፈረመ።