ለጋሽ ሰይድ በቁማቸው ያለቀስን ዕለት

ነገሩ የሆነው ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ እዚሁ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ያንን ጊዜ በማስክና በሳኒታይዘር ያስታውሰዋል። እኔ የማስታውሰው በጥሩምባ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ትረዱታላችሁ።

የምሠራው ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን ሠራተኛውንና የአካባቢውን ሕዝብ በጤና ጉዳይ የሚያሳትፍ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና ምርጫ ተደረገ። እኔ በዕለቱ ጥርሴን አሞኝ ቀርቼ ነበር። በእኛ አገር የኮሚቴ ምርጫ ደግሞ ለቀረ ሰው ምሕረት የለውም፤ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ።

ሥልጠና የሚሰጠን ባለሙያ ከመሃል ከተማ መጣ። መሰብሰብ አደገኛ መሆኑን ሊያስተምረን ሁላችንንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበን። ፕሮጀክተሩ ብርሃን አይወድም ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። አንዷን ማይክ እየተቀባበልን፣ አፋችንን እያስጠጋን፣ ስለ ንክኪ በሰፊው ተወያየን። በዕረፍት ሰዓት ቆሎውን ከአንድ ሰፌድ ላይ ዘገንን።

ብዙም ሳይቆይ ከእኛ ፋብሪካ በሽታው ጋሽ ሰይድ ላይ ተገኘ። ጋሽ ሰይድ የሰርቪሳችን ሾፌር ናቸው። የወሎ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ቤታቸውም ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ መታጠፊያው ላይ ነው። ተመርምረው «ቤትዎ ገብተው ራስዎን ያግልሉ» ተባሉ። ባለቤታቸው የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ኮምቦልቻ ሄደው፣ የክፍለ ሀገር መኪና ሲቆም እዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ ሰውየው ራሳቸውን ለማግለል ብዙ አልደከሙም፤ የጎደለውን ሰፈሩ ሞላላቸው።

እንዴት እንደሞላላቸው ልንገራችሁ። በደጃቸው የሚያልፍ ሰው ጠፋ። አልማዝ የምትባል ጎረቤታችን፣ ባሏ ሚኒባስ የሚነዳ፣ በሽታው በንፋስ እንዳይመጣባት በእሳቸው በኩል ያለውን መስኮቷን በላስቲክ አሸገችው። ምግብ በር ላይ እናስቀምጥላቸው ያለ ሰው ነበር፤ «ሰሃኑን ማን ይመልሳል?» የሚለው ጉዳይ ስምምነት ስላልተደረሰበት ቀረ። ደግሞም ሾፌር ስንቅ አያጣም ተባለ። እኔ የኮሚቴ ሰው ስለሆንኩ ማታ ማታ እደውላለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» ይሉኛል። ክትትል ተደረገ ማለት ነው።

በሁለተኛው ስብሰባ ባለሙያው «ትምህርቱን ለማድረስ ሕዝቡ የሚያምነውን የራሱን መንገድ ተጠቀሙ» አለን። ከመካከላችን አንዱ «የዕድር ጥሩምባ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እውነት ነው፣ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ቢጮህበት የማይነቃ ሰው የዕድር ጥሩምባ ሰምቶ አልጋው ላይ አይቀርም። ሁላችንም ዕድር ውስጥ ያደግን ሰዎች ነን፤ ባለሙያውም ጭምር። ጥሩምባው ለምን እንደሚነፋ ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ቶሎሳ ሲነገራቸው እንኳ ደስ ነው ያላቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስለቅስ ኖሬ፣ አንድ ቀን ለጤና ልንፋ እንጂ» አሉ።

እሑድ ገና ሲነጋጋ ጋሽ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ማስካቸውን አድርገው፣ ሁልጊዜ የሚቆሙበት መታጠፊያ ላይ ቆሙ። መታጠፊያው የጋሽ ሰይድ ደጃፍ ነው። እኔ የኮሚቴ ሰደርያዬን ለብሼ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ለመንፋት ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። ነፉት። ከዚያ ማስኩን በሥርዓት መልሰው «የሰፈራችን ሰዎች፣ እጃችሁን በሳሙና...» ማለት ጀመሩ።

የጀመሩትን የሚሰማ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ተነፋ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። በሰፈሩ ታመዋል የተባሉት አንድ ሰው ናቸው፤ ጥሩምባው የተነፋውም በእሳቸው ደጅ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ማብራሪያ ይጠብቃል? በሮች ተበረገዱ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን ቋሚ ተሸክመው ከተፍ አሉ። ርቀት የሚባል ነገር በዚያች ደቂቃ ከሰፈራችን ተሰደደ።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው አልማዝ ናት። ደረቷን እየመታች «ወይኔ ጋሼ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ! ደጅዎን ሳልረግጥ!» እያለች ስታለቅስ ድንጋይ ታባባለች። ላስቲኩ ከበስተኋላዋ መስኮቷ ላይ ይርገበገባል።

ጋሽ ቶሎሳ ተደናገጡ። «ኧረ ማንም አልሞተም! ለትምህርት ነው የነፋሁት! ወደየቤታችሁ ተመለሱ!»

እሱ ነገሩን አባሰው። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በፊት ለፊት አይነገርም። ዘመድ የሚጠራው «ትንሽ አሞታል» እየተባለ ነው። ስለዚህ «አልሞተም» ብሎ የሚጮህ ሰው መርዶ እየደበቀ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«ቶሎሳ፣ እኛ ልጆች አይደለንም። ተወን እንባችንን እናውጣ!» አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

«ጋሽ ቶሎሳ እውነታቸውን ነው፣ ጋሽ ሰይድን ትናንት ማታ አነጋግሬያቸዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አልማዝ መጥታ አቀፈችኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ በርቺ» አለችኝ።

ሳቅ እየታገለኝ ስልኬን አወጣሁ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ቢያናግሯቸው ሁሉም ያፍርና ይበተናል ብዬ ነው። ደወልኩ። ስልኩ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሲጠራ ይሰማል። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግሜ ደወልኩ። ለቅሶው ጸጥ አለ፤ ሁሉም የሚያዳምጠው ያንን ስልክ ሆነ። ማንም አላነሳውም። ሳቄ ጠፋ። የሰው ነፍስ ነው፣ ማታ ማታ በስልክ «ደህና ነኝ» ስባል አምኜ የምተኛው እኔ ነኝ።

የአልማዝ ባል በሩን በትከሻው መትቶ ገነጠለው። ገባን። ጋሽ ሰይድ የቤታቸው ደፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ጫማ አድርጓል፣ ሌላኛው ባዶ ነው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አጠገባቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ... ማን ነው የሞተብን?» አሉኝ።

ለቅሶ ሰምተው ሊደርሱ ነበር የተነሱት። እርስዎ ነዎት አይባል።

ለአምቡላንስ ብንደውል መስመሩ ተይዟል። ሰዉ በሕይወት መኖራቸውን ሲያይ «ተመስገን» አለና፣ ወዲያው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ለሬሳቸው ሊጋፋ የመጣው ሁሉ በቁማቸው ሲያገኛቸው ርቀቱ ትዝ አለው። መኪና ያለው የአልማዝ ባል ብቻ ነው። እሱ ሚስቱን ያያል፤ እሷ ሰዉን ታያለች። ምን ታድርግ? እኔን ያስቀድመኝ ብላ በሰፈር ሙሉ ምስክር ፊት ጮሃለች።

ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመችና «ምን ትገተራለህ? መኪናውን አስነሳ እንጂ!» አለችው።

እኔና እሷ ግራና ቀኝ ደግፈን አስገባናቸው። የሚኒባሱን መስኮት ሁሉ ከፍተን በሳሪስ በኩል ስንበር፣ አልማዝ ክንዳቸውን አንድ ጊዜም አልለቀቀችም። «ጋሼ፣ ይተንፍሱ፣ ደርሰናል» እያለች ታለቅሳለች። የመንገዱ ለቅሶ ከደጁ ለቅሶ በጣም ያነሰ ነበር፤ ድምፅም አልነበረውም። የመንገዱን ነው ያመንኩላት።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሟ ኋላ ላይ «ብቻቸውን ነው የሚኖሩት ብላችኋል፤ ታዲያ እንዲህ መሆናቸውን ማን አየ?» ብላ ጠየቀችን። እኔና አልማዝ ተያየን። «ዕድር» አልኳት። ሐኪሟ ዕድራችንን አደነቀች። ብዙ ጊዜ ተኝተው፣ ከስተው፣ ግን በእግራቸው ወጡ።

ባለሙያውም ሪፖርቱን ጻፈ። በዚያ ጠዋት የተነሳውን የሕዝብ ብዛት የሚያሳይ ፎቶ ለጥፎ፣ ከሥሩ «የአካባቢው ማህበረሰብ ከተጠበቀው በላይ ተሳትፏል» ብሎበታል። ውሸት ነው ልለው አልቻልኩም።

ጋሽ ሰይድ ዛሬም ሰርቪሳችንን ይነዳሉ። አልማዝን ባገኟት ቁጥር «ለቅሶሽ ግሩም ነበር፣ ለዋናው ቀን ትንሽ አስቀሪልኝ» ይሏታል። እሷ በእፍረት ትቀላለች። ላስቲኩን ግን አንስታዋለች።

ይህን ለሰው ሳወራ ሁሉም ጋሽ ቶሎሳ ላይ ይስቃል፤ «ምን ዓይነት ስህተት ነው!» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ያስፈራኛል። የዚያን ጠዋት ትምህርት ኮሚቴው እንዳቀደው ቢተላለፍ ኖሮ፣ ሁላችንም የታዘዝነውን ሰምተን፣ እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ በየቤታችን በጨዋ ደንብ ተቀምጠን እንውል ነበር። ጋሽ ሰይድም ከአጥራቸው ወዲያ ብቻቸውን ይሞቱ ነበር።