ባዶ ውሃ የምታፈላው እናት

ቩዮካዚ የምትሠራበትን የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ተማሪዎቹ «ማልቀሻው» ይሉታል። በሩ ላይ የተጻፈው «የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ምክር» ነው፤ ግን ሰሌዳውን የሚያነብ የለም፤ የካቲት ሲገባ ሰልፉ ራሱ መንገዱን ያሳያል። የመንግሥት ድጋፍ የተከለከለ፣ ወረቀቱ የዘገየበት፣ የአባቱ የሞት ማስረጃ የጠፋበት ሁሉ የሚመጣው እሷ ጋ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ጠንቅቃ አውቃለች፤ መቸገር ብቻ አይበቃም፣ ችግሩ በደንብ መጻፍ አለበት።

ይህን የተማረችው ከራሷ ነው። በልጅነቷ ያስተማራት አንድ የውጭ ማኅበር ነበር፤ በየገናው ደብዳቤ እንድትጽፍ ያዛታል። አንድ ዓመት «ሁላችንም ደህና ነን» ብላ ጻፈች፤ የዚያን ዓመት ማኅበሩ የሚልክላት ጫማ ቀረባት። ዳግመኛ ደህና ነን ብላ አልጻፈችም።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ደግሞ አንድ ተማሪ፣ እናቱ ልጆቿ እራት ሲጠብቁ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ባዶ ውሃ ጥዳ ታፈላ እንደነበር አጫወታት። ያ ደብዳቤ በሳምንቱ ገንዘብ አመጣ። ከዚያ ወዲያ ያቺ እናት ሥራ አልፈታችም። ቩዮካዚ ከደብዳቤ ደብዳቤ እያዛወረች፣ አንዴ የሦስት አንዴ የስድስት ልጆች እናት እያደረገች ውሃ ስታስፈላት ኖረች። ሰጪዎቹም አንድ ቀን እንኳ «ይቺን ሴትዮ የት ነው የምናውቃት?» ብለው አያውቁም። የሚያነቡት ሊያለቅሱ ነው እንጂ ሊያስታውሱ አይደለም።

አሉንጊሌ የምትባል የነርስ ተማሪ የመጣችው እንዲህ ባለው የካቲት ነው። ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ የመንግሥት ድጋፍ ተከልክላ የቀራት አንድ የጡረተኞች የበጎ አድራጎት ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ በደብዳቤ ነው የሚመርጠው። እስከ ዓርብ ካላስገባች ከማደሪያዋ ወጥታ ወደ መንደሯ ትመለሳለች። ጽፋ ያመጣችው፣ ከጨዋ ቤተሰብ እንደተወለደችና መማር እንደምትወድ የሚናገር ሦስት መስመር ነበር።

«ይሄ እኮ ሰላምታ ነው» አለች ቩዮካዚ ወረቀቱን መልሳ። «እኅቴ፣ አንቺ ልታገቢ ነው ወይስ ገንዘብ ልትጠይቂ? እቤት ጦም ታድራላችሁ?»

«ኧረ አናድርም፣ እኅቴ ቩዮ። ማማ ትሰፋለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

ልጅቷ አሰበች። «አንድ ጊዜ ማማ ታማ ጎረቤት ሄደን በልተናል። የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ።»

«አየሽ!» አለችና ቩዮካዚ መጻፍ ጀመረች። የአንዷ ቀን ንፍሮ የልጅነት ዘመን ሁሉ ልመና ሆነ። በደብዳቤው ውስጥ የስፌት ማሽኑ ተሰበረ፤ እናትየው ልጆቿን መመገብ አቅቷት ጎረቤት በራፍ የምትልክ ሆነች። መጨረሻ ላይ ባዶ ውሃው ተጣደ። ስለ እናትየው ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ውጭ አርባ ሰው ተሰልፎ ነበር። አሉንጊሌ አንብባ ስታበቃ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቩዮካዚ ብዕሩን ሰጠቻት፤ ፈረመች። ገንዘቡም መጣ።

በኅዳር ማኅበሩ የረዳቸውን ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው ምሳ ጋበዘ። ቩዮካዚ እንግሊዝኛ ለማያውቁ ወላጆች እንድታስተረጉም ታዘዘችና ከአሉንጊሌ እናት ከማራዴቤ ጎን ተቀመጠች። ማራዴቤ የቤተ ክርስቲያናቸውን የሴቶች ማኅበር ልብስ፣ ቀይ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ፣ አንዲት መጨማደድ ሳይታይበት ተኩሰው ለብሰዋል። ደረታቸው ላይ የዚሁ የሴቶች ማኅበር ምልክት ተሰክቷል። ያንን ምልክት የሰካች ሴት እንደማትዋሽ እዚያ አገር የማያውቅ የለም። ባዶ እጄን አልሄድም ብለው የሰፉት የጠረጴዛ ልብስ በጉልበታቸው ላይ ነበር።

የጡረተኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር መነጽሯን አድርጋ ተነሣች። «ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁላችንንም ያስለቀሰንን አንዱን ላንብብላችሁ» አለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ቩዮካዚ ደብዳቤውን ለየችው። የራሷን ጽሑፍ እንዴት አታውቀው? አሉንጊሌ ከተማሪዎቹ ጋር ፊት ተቀምጣ አቀርቅራለች።

«ምን ይላሉ?» አሉ ማራዴቤ።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት ይላሉ፣ ማማ።»

ሊቀመንበሯ የጎረቤቱን በራፍ አነበበች።

«እናቷ በክብር አሳደገቻት ይላሉ።»

«ሌላስ?»

«ቤታችሁ... ቤታችሁ የሞላ ነው ይላሉ።»

ባዶው ውሃ ሲፈላ አዳራሹ መሐረቡን አወጣ። ሰዎች ዞረው ማራዴቤን ያዩ ጀመር፤ አንዲት ሴትዮ እንደ ታመመ ሕፃን እጃቸውን ደባበሰቻቸው። ቩዮካዚ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ያቺ ከደብዳቤ ደብዳቤ ያንከራተተቻት ሴት ዛሬ ፊት ኖሯት፣ ስም ኖሯት፣ ልብሷን ተኩሳ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«እናትየው አንድ ቃል ይበሉን» አለች ሊቀመንበሯ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ማራዴቤ ወዲያው አልተነሡም። ደረታቸው ላይ የነበረውን ምልክት ቀስ ብለው ነቅለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ቆሙ። ቩዮካዚ ልታስተረጉም አብራ ስትነሣ በእጃቸው ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት።

«ድስቱ ባዶ ነበር» አሉ በጠራ እንግሊዝኛ። «ልጄ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን።» የጠረጴዛ ልብሱን ለሊቀመንበሯ ሰጥተው ተቀመጡ።

ቩዮካዚ ታክሲ ተራ ድረስ ከኋላቸው ተከተለቻቸው። አሉንጊሌ ፎቶግራፍ እንድትነሣ አዳራሹ ውስጥ አስቀርተዋታል። ማራዴቤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ቆመው ነበር።

«ማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንግሊዝኛ እንደሚችሉ...»

«አሥራ ሰባት ዓመት እንደነሱ ባሉ ነጮች ማድ ቤት አብስያለሁ። ልጆቻቸውን ያስተኛሁት በቋንቋቸው ነው። በዚያ ደሞዝ ነው ማሽን ገዝቼ የወጣሁት።» ዞረው አዩዋት። «የኔ ልጆች አንድ ቀን ጦማቸውን አድረው አያውቁም። እኔ አድሬ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን አያውቁም። ይኼንን የሚያውቅልኝ ሰው ቢኖር ልጄ ብቻ ነበረች። ደብዳቤውን አንብባዋለች?»

«አላነበበችም። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ እሷ ዝም ብላ...»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን እንኳ አታስተርጉሚልኝ።»

ቩዮካዚ ቃሏን አረመች። «አንብባዋለች፣ ማማ። አልቅሳለች። ከዚያ ፈረመች።»

ማራዴቤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ረዳቱ የመንደራቸውን ስም እየጠራ ነበር። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ቆም አሉ።

«ይሄ ገንዘብ እስከ መጨረሻው ነው?»

«የዘንድሮው ብቻ ነው። ለሚመጣው ዓመት ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋሉ።»

«እንግዲያው ስትጽፊ ደውይልኝ» አሉ ማራዴቤ። «ምን ብዬ እንደምዋሽ ቀድሜ ልወቀው።»