የአክስቴ የጸሎት ሰዓት

አክስቴ አባቴን የገደለችው እሷ እንደሆነች ታምናለች። ማንም እንዲህ አላላትም። ሴት ልጁ እኔ እንኳ አላልኳትም።

አባቴ ቀዶ ሕክምና ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የሰንሰለት ጸሎት ያዙለት። አንዱ አንድ ሰዓት ጸልዮ ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ መሃል ላይ ክፍተት አይኖርም። ለአክስቴ የከሰዓት በኋላ ተራ ደረሳት። የምትሠራው በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው። ያን ቀን የመተኮሻ ማሽኑ ተበላሸ፣ እርጥብ አንሶላ ተከመረ፣ አለቃዋ ጮኸባት። እሷም ካውያ ይዛ ስትሯሯጥ ሰዓቷን ረሳችው። ባስታወሰች ጊዜ ወንድሟ አርፎ ነበር። በለቅሶው ላይ ከአፏ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ሰንሰለቱ በእኔ እጅ ተበጠሰ።”

ከዚያ ወዲህ እምቢ ማለት አታውቅም። የሰው ሁሉ የጸሎት ተራ የእሷ ሆነ። ትጾማለች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ታጥባለች፣ የታመመ ትጠይቃለች። “ምሰሶዋ” የሚል ስም አውጥተውላታል። ቁልፍ የጠፋበት ሰው እንኳ የሚደውለው ለእሷ ነው፤ ቁልፍ ሠሪ ቢጠራ ይሻለው ነበር። እኔ ይህን ሙገሳ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምሰሶ አይደለችም፤ የምትሸሽ ሴት ናት።

አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ብሄድ ገመድ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መሃል ደርቃ ቆማ አገኘኋት።

“ከታች እዪ፣ የአባትሽ ጫማ” አለችኝ።

በየቀኑ ይመጣል አለች። አይናገርም፤ ከአንሶላው ጀርባ ቆሞ ይጠብቃታል።

“ምን ፈልጎ ነው?”

“የረሳሁትን ሰዓት እንድጸልይለት ነዋ።”

ዘንድሮ ደግሞ ለአያቴ ቀዶ ሕክምና ታዘዘ። ሰንሰለቱ ተያዘ። አክስቴ አያቴ የምትገባበትን ሰዓት ለራሷ ወሰደች። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ አያቴ አልጋ ሥር ተንበርክካ ነበር።

አያቴ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። “ኧረ ተነሺ አንቺ፣ ጉልበትሽ አለቀ እኮ።”

“ተዪኝ እማ፣ ዛሬ አልረሳም።”

“ወንድምሽን ያጣሁት አንቺ ስለረሳሽ ነው እንዴ?”

አክስቴ አንገቷን ደፋች።

“እናቱ ነኝ” አለች አያቴ። “አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አስቤ አላውቅም። ልጄ፣ የያዝሽኝ አንቺ ከሆንሽማ ወድቄያለሁ። የያዘኝ እግዚአብሔር ነው። እሱን አምነሽ ቁርስሽን ብዪ።”

አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት። በሩ ተዘጋ።

መተላለፊያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን አረንጓዴ መጋረጃ ተጋርዷል። አክስቴ ድንገት እጄን ጨበጠችኝ።

“መጥቷል። ከመጋረጃው ሥር ቆሟል።”

እኔ የታየኝ ወለሉ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ጎንበስ ብዬ ሁሉ ፈልጌዋለሁ። አባቴ በጣም ይናፍቀኛል።

ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው። ልትጸልይ አፏን ከፈተች፤ የለመደችው የጸሎት ቃል ሁሉ ጠፋባት።

“ጌታ ሆይ፣ እኔ ምንም የለኝም” አለች በመጨረሻ። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ዳቦውን ቆረሰች። የመጀመሪያው ጉርሻ አልወርድ ብሏት ታገለች፤ እንባዋ ግን ያለ ችግር ይወርድ ነበር። በሩ አልተከፈተም። ወጥቶ የሚነግረንም ሰው የለም።

“ሰዓቴ አለፈ?” አለችኝ።

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። “አልፏል፣ አክስቴ።”

የተዘጋውን በር አየች። የመጋረጃውን ሥር አየች። ፈርታለች።

“ሌላ ቁራጭ አለሽ?” አለችኝ።