የወይዘሮ ዶሮቲ መርዶ

የሺሐረግ ፈሪ ናት። ጠዋት ከምንኖርባት ከሜስኪት ከተማ ተነስተን ሃይዌይ ስንገባ ዳዊቷን ትጀምራለች፤ የምንሠራበት አሮጌ የአረጋውያን ቤት ስንደርስ ደግሞ ይብስባታል። ቤቱን ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የሚረዳዳ የወንድማማቾች ማኅበር ለሽማግሌ አባሎቹና ለሚስቶቻቸው ነው የሠራው። ማማ አለው፣ ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ የሚል የእንጨት ደረጃ አለው፣ ከበሩ በላይ የማኅበሩ ምልክት የሆነ ትልቅ ዓይን ተስሎበታል።

«የሰይጣን ቤት ነው» ትለኛለች።

«እድር ነው እንጂ! ከኛ እድር በምን ይለያል?» ብላት አትሰማኝም።

በፈረንጆቹ 2008 አንድ ጠዋት ሱፐርቫይዘራችን የሺሐረግን ጠራቻት። የወይዘሮ ዶሮቲ ባል ሆስፒታል እንደተኙ አርፈዋል። «አንቺን ትወድሻለች፤ አሁኑኑ ገብተሽ ንገሪያት» አለቻት። ሰው ሳይሰበሰብ መርዶ! ፈረንጅ እንዲህ ነው።

የሺሐረግ ፊቷ አመድ መሰለ። የገዛ እናቷ የልጃቸውን ሞት ብቻቸውን በስልክ ሰምተው እዚያው ወድቀው ቀርተዋል። ወይዘሮ ዶሮቲም ልባቸው ደካማ ነው። ክፍላቸው ስትገባ «ባሌ እንዴት አደረ?» አሏት።

«ደህና አድረዋል» አለች፤ ከአፏ አመለጣት።

አሮጊቷ በደስታ ሳቁ። «በይ ዛሬ ውሰጂኝ፣ ልየው» ብለው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

የሺሐረግ እኔ ልብስ ወደማጥብበት ላውንድሪ እየሮጠች መጣች። «ያገሬ ልጅ፣ ብነግራቸው ይሞቱብኛል! ዝም ብላቸው ጫማ እያደረጉ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ሰብስቢልኝ!»

እኔም ፈራሁ፤ ሁለታችንም የምንባረር መሰለኝ። ግን ተሯሯጥን። በዊልቸር ያለውን እየገፋን፣ የሚራመደውን እየደገፍን፣ ወጥ ቤት ሠራተኛውን ሳይቀር ከነሽርጡ ጎትተን አመጣን። አንድ ሽማግሌ ለጨዋታ የተጠሩ መስሏቸው «ቢንጎ ነው?» ሲሉ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ሁሉም አሮጊቷ ክፍል ገብተው ከበቧቸው።

ወይዘሮ ዶሮቲ አንድ ጫማ አጥልቀው ቀና አሉ። ማንም ሳይናገር ገባቸው።

«ሞቷል?»

የሺሐረግ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አዎ።»

«ስስቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ነው።»

አሮጊቷ ጮኹባት፤ ውሸታም አሏት። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ክፍሉን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ አዩና እጇን ፈልገው ያዙ።

«ይህን ቀን ስፈራ ስንት ዓመት ኖርኩ» አሉ። «ብቻዬን የምሰማው መስሎኝ ነበር።»