«ትኩሳት የለም» ብዬ ጻፍኩ

በሥራዬ እንደ ካርድ ግልበጣ የሚያስጠላኝ ነገር የለም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያጣራ ይደግመዋል። ሌላ ሰው እያማሁ አይደለም፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ያኔ ደብረ ታቦር ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ።

አንድ ጧት ከጋፋት በኩል አንድ ገበሬ ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ሠላሳ አምስት እንኳ አይሞላትም። አፏ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏታል፣ ንግግሯ አይገባም። ገና ሳያት «ስትሮክ» አልኩ በሆዴ። ፀጉሯም ነጠላዋም ርሷል። ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር ሳስገባ ውሃው እጄን ነካኝ፤ ተጸይፌ በጋውኔ ጠረግሁት። ሙቀቷ ደህና ነው። «ትኩሳት የለም» ብዬ ጻፍኩ።

«መቼ ጀመራት?» አልኩት ባሏን።

«ዛሬ ጧት ነው፣ ዶክተር» አለ መሬት መሬት እያየ። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ እሱ አንቱ ሲለኝ እኔ አንተ እለዋለሁ። ዶክተር አለመሆኔንም አልነገርኩት።

ሐኪሙ ካርዱን አይቶ ስትሮክ አለ። ተረኛውም ያንኑ ገለበጠ።

በማግስቱ ስገባ ሴትዮዋ ሰውነቷ እየነደደ ትንፈራገጣለች። ባሏን ኮሪደር ላይ ይዤ ጮህኩበት።

«አምስት ቀን ስትነድና ስትቃዥ ነው የሰነበተች» አለኝ። «ጠበል እያስጠመቅናት ነበር። እጇ አልታዘዝ ያላት ግን ትናንት ነው። ትናንትም ከጠበሉ እንደ ወጣች ነው ይዘናት የመጣን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከኛ ፊት የነበረችዋን ሴት ሲሰድቧት ሰማሁ። እኛንም ያባርሩናል ብየ ፈራሁ።»

እውነቱን ነው። ያቺን እናት፣ ልጅሽን ጠበል ቦታ አቆየሽ ብዬ ሰው ፊት አፌ እንዳመጣልኝ ሰድቤያት ነበር። የለካሁት ጠበሉ ያቀዘቀዘውን ቆዳ ነው። ስትሮክ ድንገት ይጥላል እንጂ አምስት ቀን በትኩሳት እያቃዠ አይሰነብትም፤ የሷን አንጎል ያቆሰለው ቫይረስ ነበር። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበትም አልፌያለሁ። መድኃኒቱ የተጀመረላት አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቶ ነው።

ነፍሷ ተረፈች። ሊወጡ ሲሉ ባሏ ጡት ያልጣለ ልጃቸውን አሳቀፋት። ቁልቁል አየችውና «የማን ነው?» አለች።

እሱ ግን «እግዜር ይስጥልን፣ ዶክተር» ብሎ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። ነጠቅሁት። «ትኩሳት የለም» ብሎ የጻፈው ያ እጅ ነው።