በጥለት የተቀጠለ ሽቦ

የሠርጌን መኪና ሽቦ በገዛ እጄ የቀጠልኩ ሙሽራ ነኝ። ሳወራው ሳቄ እየቀደመኝ ስንቴ ከመሃል አቋርጬዋለሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋራዥ ገብቼ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ባሌ፣ ያኔ እጮኛዬ፣ ከማርቆስ ደምበጫ የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። ሠርጋችን ሲቃረብ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ቁጭ አለ። ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ ሞተር ተገኝቶ ተገጠመ፤ ችግሩ የሽቦዎቹ ነው። የአዲሱ ሞተር ሶኬቶች ሁሉ በተቃራኒ በኩል ስለሆኑ ሽቦው አንድ ክንድ ያህል ያጥራል።

ሌላ መኪና መከራየት ይቻል ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ደምበጫ ያሉት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ «ከሠርጉ ወዲያ ጋራዥ የሚባል ነገር የለም! የኔ ምራት ኮፈን ሥር ተደፍታ አትውልም» ብለው ቆርጠዋል። ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። እኔ የሠራሁት መኪና መንገድ ላይ ሳይቆም ደጃቸው ካደረሰኝ ስለ ሥራዬ ዳግመኛ አያነሱም። ከቆመ ግን ቱታዬን እሰቅላለሁ።

ገበያ የተገኘው ሽቦ ሁሉም ጥቁር ነበር። የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ እየፈተሽኩ የሞተሩን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ወደ ፊት የሚሄዱት ሦስቱ ብቻ ቀሩኝ፦ የራዲያተሩ ፋን፣ የፊት መብራቱና ክላክሱ። እዚህ ላይ ሴቶቹ መጥተው «ነይ፣ እንሶስላ ትሞቂያለሽ!» ብለው ከኮፈኑ ሥር ጎትተው አወጡኝ። እጄን እስከ አንጓዬ ጠቅልለው አስቀመጡኝ፤ በተጠቀለለ እጅ ደግሞ ሽቦ አይያዝም።

አባቴ ሸማኔ ነው። የሠርግ ቀሚሴንም የሠራው እሱ ነው። «አንቺ ተሞቂ፤ የሦስቱን ምልክት ለኔ ተይው» አለና ከቀሚሴ ጥለት የተረፈውን ክር ይዞ መጣ። ሽቦዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ በአንዱ ጫፍ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ክር አሰረ፤ በሌላውም ጫፍ እነዚያኑ ሦስት ቀለሞች አሰረና መሃሉን በፕላስተር ጠቀለለልኝ። በማግስቱ እንሶስላ ባቀላው ጣቴ ቀዩን ለፋኑ፣ ቢጫውን ለመብራቱ፣ ሰማያዊውን ለክላክሱ አድርጌ ሁለቱንም ጫፍ በየድኩ። ሞተሩ ተነሣ። መብራቱ በራ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የሸማኔ ልጅ በመሆኔ ኮራሁ። ጎረቤታችን ሐዘን ላይ ስለነበሩ ግን ክላክስ አልነካንም፤ ፋኑም ሞተሩ ካልጋለ አይዞርም።

የሠርጉ ዕለትም ከሰፈሩ በዝምታ ወጣን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ የሚነዳው ሚዜ ክላክሱን ተጫነ። ጭጭ! ደግሞ ተጫነ፤ ጭጭ። ድምፅ የሌለው የሠርግ መኪና! ሚዜዎቹ በአፋቸው «ጲጵ፣ ጲጵ» እያሉ ሊያግዙት ሞከሩ።

ዳገቱን መውጣት ስንጀምር ክላክሱ በራሱ ጩኸቱን ለቀቀው። ማቆሚያ የለውም። «እኔ አልነካሁትም!» ብሎ ሚዜው ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አነሣ፤ ባሌ መሪውን እንዲይዝ ጮኸበት። በየእርሻው ያለው ሰው ቀና እያለ እልል ይልልናል። እኔ ግን መሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት አየሁ፤ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ እየወጣ ነው። ፋኑ አይዞርም። ልንቆም ነው ማለት ነው፤ ከቆምን ደግሞ ሥራዬ አበቃ።

አንገቴን ስደፋ ዓይኔ የቀሚሴ ጠርዝ ላይ አረፈ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ ከዚያ መልስ፦ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጥለት ሲጥል በሄደበት ቀለም ተመልሶ ነው የሚመጣው። ሽቦውንም እንደ ለመደው ሁለተኛውን ጫፍ ገልብጦ አስሮታል! መሃል ያለው ቢጫ ቦታውን ስላልለቀቀ መብራቱ በትክክል በራ፤ ፋኑና ክላክሱ ግን ተቀያይረዋል።

«ክላክሱን ተጫነው!» አልኩ።

«እየጮኸ እኮ ነው!»

«ተጫነው፣ እንዳትለቀው!»

ተጫነ። ፋኑ ጓ ብሎ ተነሣ። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ፤ ክላክሱም ዝም አለ። በሳቅ ፈነዳሁ፤ ኩሌ በጉንጬ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በጋለ ቁጥር መኪናው ይጮኻል፣ ሚዜው ተጭኖ ያበርደዋል። እንደዚያ እየተደሰትን ደምበጫ ገባን።

የገበያ ቀን ነበር። በፈረስና በባጃጅ መሃል እየተንፏቀቅን ሞተሩ እንደገና ጋለ፤ የአማቴ ደጅ የደረስነው እየጮህን ነው። አማቴ በእልልታ ወጡ። ሚዜው ሞተሩን አጠፋ። ክላክሱ አልጠፋም! ፋን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ እስኪበርድ ይዞራል፤ የኛው ደግሞ ይጮኻል። ቁልፉን ነቅሎ ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ። የአማቴን ጉልበት ስስም የመረቁኝን ምርቃት አልሰማሁትም።

ትንሽ ታገሡና ጆሯቸውን ይዘው «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ነይ ዝም አሰኚልኝ!» አሉኝ።

ኮፈኑን ከፍቼ ጎንበስ አልኩ። ከኋላዬ ቀሚሴ ከፍ አለ፤ ዘወር ስል አማቴ ግራሶ እንዳይነካው ጠርዙን በሁለት እጃቸው ይዘውልኛል። ጥለቱን አዩት አዩትና «ማነው የሠራው?» ብለው በክላክሱ ላይ ጮኹ።

«አባቴ!»

«እጃቸው ይባረክ!»

ሳቄ ሊገድለኝ ሲል የክላክሱን ሶኬት ነቀልኩት። ግቢው ጸጥ አለ። አማቴ አሁንም ጠርዙን አልለቀቁም።

«እንዲያው ሥራ ስትሄጂ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይኼን አትልበሺ።»